እጅ መታጠብ ከፍርድ ያድናልን?

በሰሙነ ሕማማት በአምቦና በጉደር፣ በጊንጪና በአዲስ ዓለም ምእመናን ሲገናኙ ተሳስመው ሰላምታ አይሰጣጡም። ይሁዳ ጌታውን በመሳም አሳልፎ ስለ ሰጠ በዚያ ሳምንት መሳሳም ይቀራል። በዕለተ ዓርብም እስከ ሠርክ ሲሰገድ ይዋላል። እኛም ከልጅነታችን ጀምሮ በዚሁ ሥርዓት ቆመን የጌታን መያዝና መከሰስ ስንሰማ፣ የምንቈጣው በይሁዳ ላይ ነበር። ዕድሜያችን ከገፋ በኋላ ግን የማቴዎስን ወንጌል 26ኛና 27ኛ ምዕራፍ ለብቻችን ተቀምጠን ብንመረምር፣ ከይሁዳ ይልቅ እኛን የሚመስል ሰው በፍርድ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘን፤ እርሱም ጲላጦስ ነው።

ቀያፋና ባልንጀሮቹ ፍርዱን በልባቸው አስቀድመው ቈርጠው ምስክር የፈለጉት ኋላ ነው። ይሁዳም ሠላሳ ብር ተቀብሏል። የእነዚህ በደል ግልጥ ነው። ጲላጦስ ግን ተከሳሹን አልጠላውም፤ በቅናት እንደ ከሰሱት ዐውቋል፤ ሚስቱም ስለ ሕልሟ ልካ አስጠንቅቃዋለች። ይህን ሁሉ እያወቀ፣ ሁከት እንዳይነሣ ፈርቶ ንጹሑን ሰው አሳልፎ ሰጠ፤ ውሃም አስመጥቶ እጁን ታጠበ። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ እውነቱን ዐውቆ በፍርሃት የተወ ሰው «እኔ የለሁበትም» በማለቱ ብቻ ከበደል ይነጻልን?

ይህን የምንጠይቀው በሌላው ላይ ለመፍረድ አይደለም። ከብዙ ዘመን በፊት በምዕራብ ሸዋ ከሚገኙት ከተሞች በአንዲቱ በጽሕፈት ሥራ ስንኖር፣ አንድ የሥራ ባልደረባችን ገንዘብ አጐደለ ተብሎ ተከሰሰ። ገንዘቡን ማን እንደ ወሰደው አናውቅም፤ ነገር ግን በዚያ ቀን የሣጥኑ ቁልፍ በእርሱ እጅ እንዳልነበረ በዓይናችን አይተናል። ስንጠየቅ «ልብ አላልነውም» ብለን መለስን። ልጆች አሉን፣ እንጀራችን ይቋረጣል እያልንም ለራሳችን አመካኘን። ሰውየው ከሥራው ተባርሮ ከከተማይቱ ሲወጣ ሊሰናበተን መጣና እጃችንን ጨበጠ። አምቦ የፍል ውሃና የጠበል አገር ናት፤ ያን የተጨበጠ እጅ የሚያጠራ ውሃ ግን ከዚያም አላገኘንም።

ሰው ሁሉ በፍርሃት ይሸነፋል ማለት አይቻልም። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ አቡነ ጴጥሮስ፣ በ1928 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በአዲስ አበባ በኢጣልያ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ለወራሪው እንዲገዙና አርበኞችን እንዲያወግዙ ቢጠየቁ እምቢ ስላሉ በጥይት ተገደሉ። በዚያው ዓመት በአምቦ አጠገብ በቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም፣ ካደገ በኋላ «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» የተባለውን ተውኔት ስለ እኒሁ አባት ጻፈ። ልብ እንበል፤ እኒህ አባት የተጠሩበት ስም በሊቀ ካህናቱ ግቢ ሦስት ጊዜ የካደው የሐዋርያው ስም ነው። ያ ስም የክህደት ስም ሆኖ ያልቀረው፣ ሐዋርያው ዶሮ ሲጮኽ ወጥቶ ስላለቀሰና የኋላ ኋላም ስለ ጌታው መስክሮ ስለ ሞተ ነው። ጲላጦስ እንኳ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ከቅዱሳን ጋር ይታሰባል። ስለዚህ ለፈራ ሰው የመመለሻ በር አልተዘጋም።

ይህን ተስፋ አድርገን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ያን የሥራ ባልደረባችንን ጉደር ድረስ ሄደን ፈለግነው። ያየነውን ባለመመስከራችንም ይቅርታ ለመንነው። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ ያ ቃል በጊዜው ተነግሮለት ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ልጆቹ ከትምህርት ባልቀሩም ነበር ብሎ ነገረን። ከዚያም ቡና አስፈልቶ አብረን ጠጣን። ይቅር አለን፤ ልጆቹ ያጡትን ዘመን ግን ይቅርታው አልመለሰውም።

አንባቢ ሆይ፣ ንስሐ የበደለውን ያድናል፤ በጊዜው የተነገረ እውነት ግን የተበደለውን ጭምር ያድናል። በየመሥሪያ ቤቱና በየሸንጎው ስንጠየቅ፣ ውሃ ይምጣልን ከማለታችን በፊት፣ በፊታችን የቆመውን ተከሳሽ ቀና ብለን እንየው።