«አሸነፍን» የማለት መብት

ለመሆኑ «አሸነፍን» ለማለት መብት ያለው ማን ነው?

ጥያቄው የተነሣው በቀልድ ነበር። ቦታው ገላን ኮንዶሚኒየም፣ የብሎካችን ኮሚናል ነው፤ ጊዜው ደግሞ የእድር ስብሰባ አልቆ ወንበር የሚሰበሰብበት ምሽት። ከመካከላችን አንዱ በስልኩ የቆየ ጨዋታ ከፍቶ ኖሮ፣ አምስት ስድስት ሆነን ተደፋንበት። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ኢትዮጵያና ሱዳን። ሳላዲን ሰኢድ ሁለተኛዋን ግብ ሲያገባ፣ ውጤቱን ከአሥር ዓመት በላይ አስቀድመን የምናውቅ ሰዎች እንደ አዲስ ጮህን። «አሸነፍን!» አልን። ይኸኔ ኢኮኖሚክስ የሚያጠና ጎረቤታችን፣ ወንበር እንደተሸከመ ቆመና፣ «እናንተ ምን አድርጋችሁ ነው አሸነፍን የምትሉት? ኳስ መትታችኋል? ላብ አፍስሳችኋል? ያሸነፉት እነሱ ናቸው፤ እናንተ ያያችሁ ናችሁ» አለን።

ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን መልስ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው፤ መልስ ከተባለ።

ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት ነገሩ ምን እንደነበር እናስታውስ። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ እንግዳ አይደለችም። በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው ውድድር ሱዳን ላይ ሲደረግ የተጫወቱት ሦስት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ አንዷ እኛ ነን። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ደግሞ በይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት፣ በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትታ ዋንጫውን አዲስ አበባ ላይ አስቀረች። ከዚያ በኋላ ነገሩ እየቀዘቀዘ ሄደ። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ከተደረገው ውድድር ወዲህ ስማችን ከአፍሪካ ዋንጫ ጠፋ። አንድ ዓመት፣ አምስት ዓመት፣ ሃያ ዓመት፤ በጠቅላላው 31 ዓመት።

በጳጉሜን 2004 ዓ.ም. ሱዳን በሜዳዋ 5 ለ 3 አሸነፈችን። ያ ክረምት አገሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ፓትርያርኩንና ጠቅላይ ሚኒስትሩን ያጣበት፣ ሐዘን ላይ የተቀመጠበት ክረምት ነበር። ለመልሱ ጨዋታ የቀረው ሂሳብ ቀላልም ከባድም ነው፤ ሁለት ለባዶ። በሰውነት ቢሻው የሚሠለጥነው ቡድን ያንኑ አደረገ። ከዕረፍት በኋላ አዳነ ግርማ አንድ፣ ሳላዲን ሰኢድ አንድ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነና ከሜዳ ውጭ ባገባናቸው ሦስት ግቦች አለፍን። እኛ ያኔ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች ነበርን። ትልልቅ ሰዎች መንገድ ላይ ሲተቃቀፉ ያየነው የዚያን ቀን ነው። ለምን እንደሚተቃቀፉ በደንብ አልገባንም፤ እኛም ግን ሮጠን ገባንበት።

እንግዲህ ወደ ጎረቤታችን ተቃውሞ እንመለስ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ያልሠራኸውን ሥራ «ሠራሁ» ማለት ውሸት ነው። የሌላውን ላብ የራስ ማድረግ ደግሞ ከውሸትም አልፎ ስርቆት ነው። በዚህ መለኪያ «አሸነፍን» የሚል ሁሉ ጥፋተኛ ይሆናል።

ይህ መለኪያ ግን ለሁሉም ነገር ይሠራል ወይ? እዚሁ ኮሚናል ውስጥ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን የሚተክለውን፣ ንፍሮ የሚቀቅለውን፣ ሌሊቱን የሚያድረውን ጎረቤት «ሟቹን ምኑ ነህና ታዝናለህ?» የሚለው ሰው አለ? የለም። ሐዘንን ለመካፈል የሥጋ ዝምድና ማስረጃ አይጠየቅም። ታዲያ በሐዘን ጊዜ ያልተጠየቀ ማስረጃ በደስታ ጊዜ ለምን ይጠየቃል? «አሸነፍን» የሚለው ቃል የሥራ ሪፖርት አይደለም። የወገንነት ቃል ነው። «ይህ ነገር ለእኔም ነገሬ ነው» ማለት ነው።

ጎረቤታችን በዚህ አልረካም። «እድር እኮ መዋጮ አለው፤ ያልከፈለ አይቀበርለትም» አለ። እውነቱን ነው። እኛም ነገሩን ስናብላላው የደረስንበት እዚያው ነው። የደጋፊ መዋጮ መጠበቅ ነው። ባዶ እጅ በሚመለሱበት ዘመን ሬዲዮ መክፈት፤ «ይህን ቡድን ተወው» ሲባሉ አለመተው። 31 ዓመት እንዲህ የከፈለ ሰው ጥቅምት 4 ቀን ድርሻውን ቢቀበል ምን ነውር አለው?

እዚህ ላይ ግን ራሳችንን ወጥመድ ውስጥ እንዳስገባን ገባን። መብቱ የሚገኘው በመጠበቅ ከሆነ እኛ ምን ጠበቅን? የስምንት ዓመት ልጅ 31 ዓመት ሊጠብቅ አይችልም። ያለ መዋጮ የበላን እኛው ሆነን አረፍነው።

የሦስተኛው ፎቅ ጋሼን የጠየቅናቸው ለዚህ ነው። ጋሼ ከፋብሪካ ሥራ ጡረታ የወጡ፣ በ1997 ተመዝግበው የቤት እጣ እስኪወጣላቸው ዓመት ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መጠበቅን ለማስተማር ከእርሳቸው የተሻለ አይገኝም። «ጋሼ፣ የዚያን ቀን እንዴት ነበሩ? ጨፈሩ?» አልናቸው።

«አልጨፈርኩም» አሉ። «ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ወንድሜ ትዝ አለኝ። የ74ቱን አብረን ነው በሬዲዮ የሰማነው። በሚቀጥለው እናልፋለን፣ በሚቀጥለው እናልፋለን ሲለኝ ሲለኝ ሞተ።»

ዝም አልን። ሌላም አልጨመሩም።

አሜሪካ ውስጥ ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አለ፤ ሕጉን አጥርተን አናውቀውም። የቺካጎ ካብስ የሚባለው ቡድን ግን በ1908 እ.ኤ.አ. ዋንጫ ወስዶ ድጋሚ እስኪወስድ ድረስ 108 ዓመት ፈጀበት። በ2016 እ.ኤ.አ. ሲሳካለት ደጋፊዎቹ ወደ ስታዲየሙ ሄደው በጡብ አጥሩ ላይ በጠመኔ ስም መጻፍ ጀመሩ። የጻፉት የተጫዋቾችን ስም ብቻ አልነበረም፤ ቀኑን ሳያዩ የሞቱ አባቶቻቸውን፣ እናቶቻቸውን፣ አያቶቻቸውን ስም ነበር። ባሕር ማዶ ያለውን ያን ሰው የገላኑ ጋሼ ሳያዩት ያውቁታል። ሁለቱም ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ መዋጮውን ከፍሎ ድርሻውን ላልተቀበለ ሰው ድርሻውን አስቀመጡለት።

እኛ ልጆቹም መልስ ያገኘነው ከዚህ ነው። ያ ደስታ ለእኛ በሥራም በመጠበቅም የተገኘ አልነበረም፤ ውርስ ነበር። ውርስ ደግሞ ነውር የለበትም፤ ዕዳ ግን አለበት። ቀድመው የከፈሉትን ማወቅ አንዱ ዕዳ ነው። ሁለተኛው ዕዳ ከዚህ ይከብዳል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም እርሱ ነው።

ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈች። ለዓለም ዋንጫ የመጨረሻው ማጣሪያ በር ላይ ደረስን ተባለ፤ አገሩ በጭፈራ ታመሰ። ወዲያው ግን ሌላ ወሬ መጣ። ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ በቢጫ ካርድ ምክንያት ማረፍ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ ነበር። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ፤ ፊፋ ሦስት ነጥብ ቀነሰ። ቡድኑ ግን በጳጉሜን ማዕከላዊ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ ከምድቡ አንደኛ ሆኖ አለፈ። በመጨረሻ ያስቀረችው ናይጄሪያ ናት፤ ጥቅምት 2006 አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ኅዳር ላይ ካላባር 2 ለ 0።

አሁን ግሱን ልብ በሉ። ደቡብ አፍሪካን ጊዜ ምን ተባለ? «አሸነፍን»። ነጥቡ የተቀነሰ ጊዜስ? «አበላሹት»፣ «አጠፉ»፣ «አሳፈሩን»። ሲያሸንፍ «እኛ»፣ ሲሳሳት «እነሱ»! ጎረቤታችን ሌብነት ብሎ የከሰሰን ትክክለኛ ቦታው እዚህ ነው እንላለን። ስርቆቱ «አሸነፍን» ማለቱ ላይ አይደለም፤ «አጠፋን» ለማለት እምቢ ማለቱ ላይ ነው። ትርፉን የጋራ፣ ኪሳራውን የሌላ ማድረግ በንግድ ቢሆን ማጭበርበር ይባላል። ይህ ማለት ኃላፊው አይጠየቅ ማለት አይደለም። ካርድ መቁጠር የማን ሥራ እንደሆነ ይታወቃል፤ ይጠየቅ። ጠያቂው ግን የገዛ ቤቱን ችግር እንደሚጠይቅ ሰው ይጠይቅ፤ አላፊ አግዳሚ ሆኖ ምራቁን አይትፋ።

እስቲ ከኳስ እንውጣና ደረጃችንን እንይ። ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ የመጣ ቀን ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ «ውሃችን መጣ!» ይባላል። ደረጃው የቆሸሸ ቀን ግን «የሚጠርገው ጠፋ እንዴ?» ነው። ያው ግስ፣ ያው አመል። «እኛ» የሚለውን ቃል በደስታ ቀን ብቻ የምናወጣው የክት ልብስ አድርገነዋል።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ በግቢያችንም ደጋግመን ሰምተነዋል። «ኳስ ማደንዘዣ ነው፤ የኑሮን ጥያቄ ያስረሳል» ይባላል። ሊሆን ይችላል፤ አይክዱትም። የሚያስረሳ ደስታ አለ፤ የሚያስታውስ ደስታም አለ። መለየት የሚቻለው በማግሥቱ ነው። ጥቅምት 5 ቀን «እንኳን አለፍን» ብሎ የተኛ ሰው ደስታው አደንዝዞታል። «ለምን 31 ዓመት ፈጀብን?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ነቅቷል። ምክንያቱም ያ ሁሉ ዓመት የሰማይ ቁጣ አልነበረም። የሜዳ፣ የሥልጠና፣ የአስተዳደር ጉዳይ ነበር። ቆይቶ በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ እንደገና ለአፍሪካ ዋንጫ በቅተናል፤ በዚያው ሰሞን ግን ስታዲየማችን ደረጃውን አላሟላም ተብሎ «የሜዳችንን» ጨዋታ በሰው አገር የምናደርግበት ዘመን መጣ። «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» የሚለው ተረት ደስ ይላል፤ ትዕግሥትና መልመድ ግን ይለያያሉ። የታገሠ ሰው ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል። የለመደ ሰው መጠበቁንም ረስቶታል። የጋሼ ወንድም «በሚቀጥለው» እያለ የሞተው ስላልለመደ ነው።

በመጨረሻ፣ «ታዲያ ሄዳችሁ ምን አመጣችሁ?» ለሚለው። እውነት ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ላይ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ተመለስን። ሁለቱም ኋላ ለፍጻሜ የደረሱ ቡድኖች ናቸው። የመጀመሪያው ጨዋታ ግን ያለፈውን ዓመት ሻምፒዮን ዛምቢያን ነበር። ፍጹም ቅጣት ምት ሳትን፤ በረኛችን በቀይ ወጣ፤ ግብ ገባብን። በአሥር ሰው አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ወጣን። ቀኑ ጥር 13 ነበር፤ ዋንጫውን ከወሰድንበት ከጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ልክ 51 ዓመት። ያን ዕለት ዋንጫ ነበር፤ ይህን ዕለት አንድ ነጥብ። ይሁን እንጂ በአንድ ነጥብ የተደሰተውን ሰው ተሳስተሃል ለማለት አንደፍርም። ደስታ ወደፊት በሚመጣ ድል የሚከፈል ብድር አይደለም። በኋላ መሸነፋችን ጥቅምት 4ን ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሰርዘው አይችልም።

ጎረቤታችን ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላም ሙሉ በሙሉ አልተስማማም። «የእድሩን ምሳሌ እቀበላለሁ፤ 'አጠፋን' ስትሉ በጆሮዬ ስሰማ ደግሞ የቀረውንም እቀበላለሁ» ብሎናል። ፍርዱ ትክክል ይመስለናል። እናንተም በየዶርሙ፣ በየሰፈሩ የምትከራከሩበት ከሆነ ሐሳባችሁን ጽፋችሁ ላኩልን። እስከዚያው ግን በሚቀጥለው «አሸነፍን» ስንል፣ ከአፋችን ከመውጣቱ በፊት ቃሉን አንድ ጊዜ እንመዝነው። በተሸነፍንና ባጠፋን ቀንም የምንናገረው ከሆነ፣ ያኔ ሳናፍር ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንበለው።