የፈረሰ ቤትና የሥዕል ምስክርነት

ቤት ሲፈርስ ምን ይቀራል? ድንጋዩ ይጋዛል፤ ቆርቆሮው ይሸጣል፤ ነዋሪው ጓዙን ጭኖ ይሄዳል። ሥፍራው ጥቂት ጊዜ ባዶ ሆኖ ከሰነበተ በኋላ አዲስ ሕንፃ ይቆምበታል። ከዚያ ወዲያ የሚያድገው ትውልድ በዚያ ሥፍራ ሌላ ሕይወት እንደነበረ አያውቅም። ሥዕል የጠፋውን ሥፍራ ለማስታወስ እንደሚችል የሚክድ የለም። ጥያቄው ግን ከዚህ ያልፋል፤ ይኸውም፣ የጠፋን ሥፍራ መሣል ለመጥፋቱ ካሣ ይሆናልን? ሠዓሊው ከብዙው መካከል አንዱን መርጦ ሲሥልስ የማንን መታሰቢያ እያቆመ፣ የማንን እየተወ ነው?

ለዚህ ጥያቄ የዋርሶ ከተማ ታሪክ መልካም መነሻ ይሆነናል። የቬኒስ ተወላጅ የሆነው ሠዓሊ ቤርናርዶ ቤሎቶ እ.ኤ.አ. በ1768 የፖላንድ ንጉሥ የስታኒስላቭ አውጉስት የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ሆነ። በ1780 እስኪሞት ድረስም የዋና ከተማይቱን ጎዳናዎች፣ አብያተ ክርስቲያናትና የመኳንንት ቤቶች ከ20 በሚበልጡ ሸራዎች ላይ ሣለ። ብርሃን በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ የውጩን ምስል በሚጥልበት የጨለማ ሣጥን ይጠቀም ስለነበር፣ የመስኮቱና የጣሪያው ቅርፅ ሳይቀር በሥዕሎቹ ላይ በጥንቃቄ ይታያል። ሥዕሎቹ የተሠሩት ለቤተ መንግሥት አዳራሽ ጌጥ ነበር። ከ160 ዓመታት በኋላ ለምን ተግባር እንደሚፈለጉ ሊገምት የሚችል ሰው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1944 የዋርሶ ሕዝብ በናዚ ጀርመን ጦር ላይ ተነሥቶ 63 ቀን ከተዋጋ በኋላ ተሸነፈ። ወራሪው ጦርም ከተማይቱን በዕቅድ፣ በእሳትና በፈንጂ አወደማት። ከታሪካዊው ማዕከል ከ85 በመቶ በላይ ፈረሰ። መልሶ ግንባታው ሲጀመር የኪነ ሕንፃ ባለሙያዎች ለክራኮቭስኪ ፕርዜድሚዬሽቼና ለሚዮዶቫ ጎዳናዎች የቤሎቶን ሸራዎች እንደ ማስረጃ ተጠቀሙባቸው። አሮጌውን ከተማ መልሶ ለማቆም ደግሞ የፖሊቴክኒኩ መምህራንና ተማሪዎች አስቀድመው ለክተው የነደፏቸውና በጦርነቱ ጊዜ ከወራሪው ተደብቀው የተረፉ ንድፎች ረዱ። እ.ኤ.አ. በ1980 ይህ እንደገና የተገነባ ከተማ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ።

ይህን የሰማ ሰው «ሥዕል ከተማን አዳነ» ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ምስክሩን ጠጋ ብለን እንመርምረው። አንደኛ፣ ሠዓሊው ለውበት ሲል ያስተካከለው ነገር ነበርና፣ ሥዕሉ እንደ ፕላን ሊታመን አይችልም። ሁለተኛ፣ የተመለሰው በይበልጥ የቤቶቹ ፊት ነው፤ ከፊቱ በስተጀርባ አዳዲስ መኖሪያዎች ተሠርተዋል፤ በየጓሮው ተጨናንቀው የነበሩት ቤቶች ብዙዎቹ አልተመለሱም። ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው ሙራኑቭ ነው። ናዚዎች ከ400,000 በላይ አይሁድን በግንብ አጥረው ያጎሩበት ቀበሌ አንዱ ክፍል ይህ ሰፈር ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በፍርስራሹ ክምር ላይ፣ ከፍርስራሹም በተሠራ ብሎኬት፣ ፍጹም አዲስ ሰፈር ተተከለበት። የንጉሡ ጎዳና ሠዓሊም ባለቤትም ስለነበረው በቀድሞ መልኩ ተመለሰ። የሙራኑቭ ነዋሪዎች ግን ተገድለዋልና «ቤታችንን እንደነበረ ሥሩልን» የሚል አልተረፈም። እንግዲህ መታሰቢያ የሚያገኘው ቀድሞ የታየውና ጠያቂ ያለው መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ነገሩን ወደ አገራችን ስናመጣው አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። ዋርሶን ያወደማት ጠላት ነበር፤ አዲስ አበባን ግን የምናፈርሳትም የምንሠራትም እኛው ነን። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት በፒያሳ አካባቢ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ ሰፈሮች ፈረሱ፤ በ2017 ዓ.ም. ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ጠላት ሲያፈርስ አስቀድሞ አያስጠነቅቅም። ልማት ግን ቀን ቆርጦ፣ ምልክት ቀብቶ ይመጣል። ስለዚህ «ለመሣል ጊዜ አልነበረም» ብለን ልናመካኝ አንችልም።

በነዚህ ሰፈሮች የነበረውን ቤት እናውቀዋለን። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ በአንድ ግቢ ብዙ ቤተሰብ ይኖራል፤ ማድ ቤቱና ውሃው የጋራ ነው። ታላላቅ ሕንፃዎች በመዝገብ ቤት የተቀመጠ ፕላን አላቸው። የጭቃ ቤት ግን በአናጢው ዓይንና በባለቤቱ አቅም የተሠራ ነውና ፕላን የለውም። ሲፈርስ ቅርፁ አብሮት ይጠፋል። እንግዲህ ሊሣል የሚገባው ከሁሉ በፊት ማንም ያልነደፈው ቤት ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ዕቃውን ከጥግ ወደ ጥግ ሲያሸሽ ያደረ ሰው፣ ሌላው ትዝታውን እንዲወድለት ብሎ በዚያ ሊኖር አይገባውም። እውነት ነው። የተሰነጠቀውን ግድግዳ እንደ ጌጥ ሥሎ በአዲሱ ሕንፃ ሳሎን የሚሰቅል ሠዓሊም ድህነትን ቀለም ቀባው እንጂ ለነዋሪው አልመሰከረለትም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሥዕሉ ለሕሊና ማደንዘዣ ሲሆን ነው፤ «ታሪኩ በሥዕል ተቀምጧል» ተብሎ የነዋሪው ጉዳይ ሲዘጋ ማለት ነው።

በእኔ አስተያየት ካሣና ምስክርነት ሊቀላቀሉ አይገባም። ካሣ ለሰው የሚከፈለው በቤት፣ በእንጀራ፣ ከዕድሩና ከጎረቤቱ ባለመነጠል ነው፤ የትኛውም ሸራ ይህን ዕዳ አያወርድም። ሥዕል የሚሰጠው ምስክርነትን ነው። ምስክርነት ደግሞ የሚጸናው በጊዜው፣ በሙሉነትና በእውነት ሲሰጥ ነው። ስለሆነም የሥነ ጥበብና የኪነ ሕንፃ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው፣ ቀኑ ከተቆረጠለት ሰፈር ቀድመው ሊገኙ ይገባል። የጎዳናውን ፊት ብቻ ሳይሆን ጓሮውን ይለኩ፤ የማድ ቤቱን ጥቀርሻ፣ በብዙ እግር የተበላውን ደፍ ይሣሉ። ነዋሪዋም ከጎናቸው ትቁም፤ ምጣዱ የት እንደነበረ፣ ልጆቹ የት እንደተኙ፣ የለቅሶ ድንኳን በየት በኩል ይተከል እንደነበረ የምታውቅ እርሷ ናትና። ንድፉ ሲያልቅም አንዱ ቅጂ ለእርሷ ይሰጥ፤ ወደምትሄድበት አዲስ ቤት ይዛው ትግባ።