አጋር አልጸለየችም

«ሲጨንቃችሁ ጸልዩ» እየተባልን አደግን። ጭንቁ የምር ሲመጣ ግን ከሰው አፍ ቀድሞ የሚጠፋው ጸሎቱ ነው። ኩዌት ውስጥ በየሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ስለ ተከለከለ ደመወዝ፣ ስለ ተነጠቀ ስልክና ፓስፖርት በግልጽ ያወራሉ፤ «መጸለይ አቃተኝ» የሚለውን ግን እንደ ኑዛዜ በሹክሹክታ ነው የሚናገሩት። ግራ የገባኝ ይህ ነው። በተበደለች ሴት ላይ ይህን ሁለተኛ ሸክም የጫነው ማን ነው? እግዚአብሔር አለ ወይስ የለም የሚለውን አልመረምርም፤ አለ። የምጠይቀው፣ መጸለይ ያቃተውን ሰው ይሰማል ወይ ብዬ ነው።

የቤተ ክርስቲያን መምህራን ያስተማሩንን ላስቀድም። በቀን ሰባት ጊዜ ጸልዩ አሉን፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሰርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። ቁሙ፣ ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ አዙሩ፣ ውዳሴ ማርያም አድርሱ፣ የዕለቱን ዳዊት ድገሙ። ሥርዓቱን አልንቅም፤ ብዙ ሰው ደግፎ ያቆመ ሥርዓት ነው። ግን በሰዓቱ ላይ ለሚያዝ ሰው የተሠራ ነው። የቤት ሠራተኛ ሰዓቷ የእሷ አይደለም። ልጆቹ ለትምህርት ቤት ከመነሣታቸው በፊት ትነሣለች፣ የማታ እንግዳ ከተሸኘ በኋላ ዕቃ ታጥባለች፣ በረመዳን ደግሞ እስከ ሱሑር ወጥ ቤት ናት። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኩዌት ሕግ ቁጥር 68 በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዳትሠራ፣ በሳምንትም አንድ ቀን እንድታርፍ ይደነግጋል። ሆኖም የሥራ ቦታዋ የሰው መኖሪያ ነውና በሩ ሲዘጋ ሕጉ ደጅ ይቀራል። የዕረፍት ቀን በሆነው ጁምዓ (ዓርብ) በካቶሊኩ ካቴድራልም፣ ቂብላ ባለው የወንጌላውያን ቅጥር ግቢም፣ ሐዋሊ ባለው የግብጻውያን ቅዱስ ማርቆስም የሚታየው መውጣት የተፈቀደለት ሰው ነው። ያልተፈቀደላትን «የት ቀረች?» የሚል የለም።

መምህራኑ እዚህ ላይ ዳንኤልን ያመጣሉ። እሱም ምርኮኛ ነበር፣ አዋጅ ወጥቶበት እንኳ በቀን ሦስት ጊዜ መጸለይ አልተወም ይላሉ። ምዕራፉን አስተውሎ ላነበበው ግን ዳንኤል ቤት ነበረው፤ ቤቱ ሰገነት፣ ሰገነቱም ወደ ኢየሩሳሌም የሚከፈት መስኮት ነበረው። የአንበሳውን ጉድጓድ ሲነግሩን መስኮቱን ዘለሉት። ሳባህ አል ሳሌም በሚባለው የኩዌት ሰፈር በሰባተኛ ፎቅ የምትሠራ ሴት ከመስኮት ጋር የምትገናኘው ስትወለውለው ነው።

«ጊዜና ቦታ ብታገኝስ?» ለሚለኝ እውነቱን ልናገር፤ ብታገኝም ላይሆንላት ይችላል። ሌሊት ብቻዋን ሆናም ቃሉ አይመጣላትም። ስንፍና አይመስለኝም። የለመደችው ጸሎት በምስጋና ይጀምራል፣ ደረቷ ውስጥ ያለው ቁጣ ነው፤ ቁጣን ይዞ እግዚአብሔር ፊት መቆም ድፍረት ነው ተብላለች። መዝሙረ ዳዊት ግን ጭላንጭል ሳይታይበት በጨለማ የሚያልቅ መዝሙር አለው፤ በእኛ ቁጥር 87ኛው፣ የሐሙስ ንባብ ውስጥ ያለ። በየሐሙሱ ይደገማል፣ ዐውደ ምሕረት ላይ ግን የሚያነሣው የለም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የማር ይስሐቅ ነገር ነው። ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የእሱ ነው። ሰውየው የ7ኛው መቶ ዘመን ሰው ነው፤ የተወለደውም ቤተ ቀጥራዬ ይባል በነበረው፣ በዚሁ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ነው። ከኩዌት ከተማ ማዶ ፈይላካ ደሴት ላይ፣ አል ቁሱር በሚባለው ስፍራ፣ የፈረንሳይ ቁፋሮ ባለሙያዎች የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ከጀሶ መስቀሎቹ ጋር አግኝተዋል፤ ይህ አካባቢ ለጸሎት ባዕድ አልነበረም። ማር ይስሐቅ እንዲህ ያስተምራል፦ ጨለማ ነፍሱን ሲጋርዳት ተደፍቶ ለመጸለይ አቅም ያጣ መነኩሴ፣ ጨለማው እስኪያልፍ ራሱን ተከናንቦ ይተኛ፤ ከበዓቱ ብቻ አይውጣ። መጽሐፉ መምህራኖቻችን እጅ ነበር። ለመነኩሴ የተፈቀደውን ርኅራኄ ለቤት ሠራተኛ ለምን ደበቁት?

አሁን ወደ አጋር ልምጣ። የሰው አገር ሴት፣ የሰው ቤት፣ የአብርሃምና የሣራ ቤት፣ አገልጋይ ናት። በዘፍጥረት 16ም ሆነ በ21 ጸለየች የሚል ቃል የለም። በመጀመሪያው፣ ከእመቤቷ ሸሽታ ሳለች፣ መልአኩ የነገራት እግዚአብሔር መከራዋን እንደ ሰማ ነው፤ ጸሎቷን አላላትም። በሁለተኛው፣ ከልጇ ጋር ተሰድዳ ሳለች፣ የአቁማዳው ውኃ አለቀ። ይህ በረሃ ላይ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ሚትሪባህ ላይ 53.9 ዲግሪ በተለካበት አገር ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያሻም። የልጇን ሞት ላለማየት ራቅ ብላ ተቀመጠች፣ አለቀሰች፤ የተሰማው ደግሞ የልጁ ድምፅ ነው። ሁለቱም አልለመኑም፣ ሁለቱም ተሰሙ።

እዚህ ላይ ብቆም ደስ ባለኝ። ግን ያው የመጀመሪያው መልአክ ወደ እመቤቷ እንድትመለስ፣ ከእጇ በታችም እንድትሆን አዟታል። ይህ አልለቅ ብሎኛል። «ታገሺ፣ ኮንትራትሽን ጨርሺ» የሚሉት መክተብ (አስቀጣሪው ቢሮ)፣ ከፊል (ስፖንሰር የሆነው አሠሪ)፣ ሰባኪም ይህንኑ ነው የሚናገሩት። እርጉዝ ስለ ነበረች በረሃው እንዳይገድላት ነው የሚል መልስ አለ፤ አያሳርፈኝም፤ የተገኘችው ምንጭ አጠገብ ነውና። ደግሞስ በኋላ ጉድጓድ ያሳያት አምላክ ያኔ ማሳየት ያቅተው ነበር? የተሻለ የሚመስለኝ ሌላ ነው። ትእዛዙ ለአንድ ጊዜ የተሰጠ እንጂ ሕግ አይደለም፤ በምዕራፍ 21 ከዚያ ቤት ስትወጣ የመለሳት የለም። ሕጉማ በዘዳግም 23 ተጽፏል፤ ከጌታው አምልጦ የመጣን ባሪያ አሳልፈህ አትስጥ ይላል። ዛሬ ከከፊሏ ቤት የወጣች ሴት «ጠፍታለች» ተብላ ሪፖርት ሲደረግባትና ኢቃማዋን (የመኖሪያ ፈቃዷን) ስታጣ፣ የተጣሰው የሙሴ ሕግ ነው። የማር ይስሐቅም «አትውጣ» አይመለከታትም፤ መነኩሴው በዓቱን መርጦ ገብቷል፣ የእሷ በር የሚቆለፈው ከውጭ ነው። ይህ ሁሉ ተብሎም አንድ ነገር ይቀራል፤ አጋርም አልመረጠችም፣ ሆኖም ተመለሽ ተባለች።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 በዚያው ሳባህ አል ሳሌም፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት ከሰባተኛ ፎቅ ተንጠልጥላ «ያዢኝ» ስትል አሠሪዋ በስልክ ትቀርጻት ነበር። ወደቀች፤ ዝቅ ያለ ጣሪያ ተቀበላትና ተረፈች። መትረፏን ማስረጃ አላደርገውም፤ ያልተረፉትን ምን ልላቸው ነው? የምጠይቀው ስለ ቃሉ ነው። ልመና ነበር፤ የተለመነችው ሰው እጇን አልዘረጋችም። ሰው ያልተቀበለው ልመና ወዴት ይሄዳል? ጸሎት ነበር ብዬ አልምልም። አልነበረም የሚሉኝን ግን ከእንግዲህ በመምህርነት አልቀበላቸውም። አጋር ያን ቀን ለምን እንደ ተመለሰች አሁንም አልገባኝም፤ የምጠይቀውም እግዚአብሔርን ራሱን ነው።