ኪሳቸው ሳስቶ ንባብ ለማይጠግቡ

ልጆቼ፣ መጽሐፍ ከአቅማችን በላይ ሆነ ስትሉ እሰማለሁ፤ እውነታችሁን ነው። የወረቀቱም የማተሚያውም ዋጋ ንሮ አንድ መካከለኛ ልብ ወለድ ብዙ መቶ ብር ሲጠራበት፣ ደመወዙ ወር ለማያደርሰው ጀማሪ ሠራተኛ ወይም ከቤተሰብ ኪስ ለሚጠብቅ ተማሪ ነገሩ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ማንበብንና መጽሐፍ ማከማቸትን ለዩ። መደርደሪያ ለመሙላት ገንዘብ ያስፈልጋል። ለማንበብ ግን ጊዜ፣ እግርና የታመነ ስም ይበቃል።

ስም ያልኩት ውሰትን አስቤ ነው። በአገራችን ብዙ መጽሐፍ የተነበበው ተገዝቶ ሳይሆን ተውሶ ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ በሰው እጅ የቀረው ቅጂ በድብቅ ከቤት ቤት እየዞረ ነው የተነበበው። ዛሬም በየሰፈሩ መጽሐፉን ቆልፎ የተቀመጠ ትልቅ ሰው አይጠፋም። የሚቆልፈው ንፉግ ሆኖ አይምሰላችሁ፤ የወሰዱበት ስላልመለሱለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዘንድ ስትሄዱ የምትመልሱበትን ቀን እሱ ሳይጠይቃችሁ ራሳችሁ ቁረጡ። ቤት እንደገባችሁ መጽሐፉን በጋዜጣ ሸፍኑት። የገጽ ጫፍ አትጠፉ፣ በእስክሪብቶ አታስምሩ፣ የቡና ስኒም አታስቀምጡበት። የተዋሳችሁትን ለሌላ አታውሱ፤ ጓደኝነት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከቀኑ አስቀድማችሁ ስትመልሱ ደግሞ ከራሳችሁ አንዱን ይዛችሁ ሂዱ፣ «ጋሼ፣ ይህን አይተውታል?» በሏቸው። ከዚያ ወዲያ ቁልፉን ማን እንደሚከፍተው ታያላችሁ።

ቀጥሎ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ነው። በአዲስ አበባ አራት ኪሎን፣ ለገሃርን፣ የብሔራዊ ቴአትርን አካባቢና መርካቶን ዙሩ። ከተማው እየፈረሰ ሲሠራ፣ በተለይ ፒያሳ መልኳን ከለወጠች ወዲህ፣ ቦታ የቀየሩ አሉና አንዱን ነጋዴ ስለሌላው ጠይቁት፤ ይተዋወቃሉ። ክምሩን እስከ አገጩ ተሸክሞ ከካፌ ካፌ የሚዞረውንም አዟሪ አትናቁት። ዛሬ የጠየቃችሁትን መጽሐፍ በሳምንቱ ፈልጎ የሚያመጣው እሱ ነው።

ሸራው ላይ ከተዘረጋው አንዱን ስታነሱ ሽፋኑን አትመኑ። መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ እዩ፤ መጨረሻ የሌለው ልብ ወለድ በርካሽ ቢገኝም ውድ ነው። ቀጥላችሁ መሐሉን ግለጡና የገጹን ቁጥር ተከተሉ። መጽሐፍ የሚጠረዘው እጥፍ በእጥፍ ነውና አንዱ እጥፍ ከወደቀ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ አብሮ ይሄዳል። ፊደሉ ግራጫ ሆኖ ከደበዘዘ፣ የመስመሩም ዳር በመቁረጫ ከተበላ፣ ያለ ደራሲው ፈቃድ የተባዛ ሊሆን ይችላልና ተዉት። የትምህርት ቤት ወይም የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ካያችሁ ደግሞ ወደ ቦታው መልሱት፤ የሌላ ልጅ መጽሐፍ ነው።

ዋጋ ላይ ዓይናችሁን ጠብቁ። የምትፈልጉትን ስታዩ ፊታችሁ ከበራ ነጋዴው አንብቧችኋል፤ ከእናንተ በላይ አንባቢ ነው። ሌላ ሁለት አንሱ፣ መሐል ላይ የእናንተን ጨምሩ፣ የሦስቱን ዋጋ ባንድ ጠይቁ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ደንበኝነት ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ከከፈላችሁት ቀንሶ መልሶ የሚገዛ፣ ትንሽ አስጨምሮ በሌላ የሚለውጥ፣ ማስያዣ ተቀብሎ የሚያከራይም ነጋዴ አለ። በአንድ መጽሐፍ ገንዘብ ሦስት አራት መጽሐፍ የሚነበበው በዚህ መንገድ ነው።

ቤተ መጻሕፍትን የፈተና ሰሞን ጉዳይ ማድረጋችሁ ያሳዝነኛል። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አሳታሚዎች ከሚያትሙት ቅጂ እንዲያስገቡ ሕግ ስለሚያዝ፣ ከገበያ የጠፋ የአማርኛ መጽሐፍ ስትፈልጉ ከማንም በፊት እዚያ ጠይቁ፤ የምታነቡት ግን እዚያው ተቀምጣችሁ ነው። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ሰፊ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ ታሪክ ለሚቆፍር ሰው ከሁሉም ይበልጣል፤ የመግቢያውን ሥርዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ልጆች ደግሞ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ ክምችት እንዳለው እወቁ። 16 ዓመት የሞላው ሁሉ የአንባቢ ካርድ በነፃ ያወጣል፤ ከእንጀራ ቤቱ ወጥታችሁ ጎራ በሉ።

ስልካችሁን አልረሳሁም። በቴሌግራም የሚዘዋወረው የመጽሐፍ ፋይል ሁሉ ነፃ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» ዛሬ ብታወርዱ የምትነኩት የማንም እንጀራ የለም። ሀዲስ ዓለማየሁ ግን ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ «ፍቅር እስከ መቃብር» ገና ባለቤት አለው። እሱን መግዣ ካጣችሁ ተዋሱት፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውንም አዳምጡ። አንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ከወጋየሁ ድምፅ ለይቶ ማንበብ እስከ ዛሬ ያቃተን ብዙ ነን።

እንዲህ ቆጥባችሁ የተረፈችውን ብር በሕይወት ላለ ደራሲ አውሏት። ብዙዎቹ ተበድረው የሚያሳትሙ፣ መጽሐፋቸውንም በቦርሳ ይዘው የሚዞሩ ናቸው። የመጽሐፍ ምረቃ ሲኖር ሂዱ፤ መግቢያው ብዙ ጊዜ ነፃ ነው፣ የዚያን ዕለት ዋጋውን የሚቀንሱም አሉ። አምስት ጓደኛሞች ከሆናችሁ አዋጥታችሁ አንድ ግዙ፣ ተራ አውጡ፣ የመጀመሪያውን ተራ ፈጥኖ ለሚያነበው ስጡት። ፊርማውን ግን በአንዳችሁ ስም አታስፈርሙ፣ በኋላ ያጣላችኋል።