“ቢፈቅድ” በዕቅድ ውስጥ ያለው ስፍራ፦ በኤጂያን ባሕር ስለሚደረግ የአንድ ሳምንት የሸራ ጉዞ

ሰው ነገ የሚሆነውን ሳያውቅ ስለ ነገ የሚያስብና የሚያቅድ ፍጡር በመሆኑ፣ ዕቅድ ማውጣት ከእምነት ጋር እንዴት ይስማማል የሚለው ጥያቄ በሃይማኖትም በፍልስፍናም ዘንድ ረጅም ዕድሜ አለው። ቀኑን ሁሉ በሰዓት ከፋፍሎ የሚያዘጋጅ ሰው የፈጣሪን ድርሻ ለራሱ እንደ ወሰደ ተቆጥሮ ሲነቀፍ፣ ምንም ሳያዘጋጅ ሁሉን ለፈጣሪ ትቻለሁ የሚለው ደግሞ ስንፍናውን በእምነት ስም እንደ ሸፈነ ይነገርበታል። መንገዱ ባለበት በሚቆይበትና መኪናው ነዳጅ እስካለው ድረስ በሚሄድበት በየብስ ኑሮ ውስጥ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ረቂቅ ሆኖ ይቀራል፤ በነፋስ ኃይል በሚንቀሳቀስ ጀልባ ከደሴት ወደ ደሴት ለመሻገር የሚያስብ ሰው ግን ገና ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ይጋፈጠዋል። ስለዚህ ሲክላዲስ በሚባሉት የግሪክ ደሴቶች መካከል የሚደረግ የአንድ ሳምንት የሸራ ጉዞ፣ ምንም እንኳ ለዕረፍት የሚታሰብ ቢሆን፣ ይህን ጥያቄ ለመመርመር እጅግ የተመቸ ነው።

ሲክላዲስ ከአቴና በስተደቡብ ምሥራቅ በኤጂያን ባሕር ላይ የተበተኑ ደሴቶች ሲሆኑ፣ ኬያ፣ ኪትኖስ፣ ሲሮስ፣ ፓሮስ፣ ናክሶስ፣ ሚኮኖስና ሳንቶሪኒ ከእነርሱ መካከል ናቸው። ጀልባ የሚከራይ ሰው በተለመደው አሠራር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአቴና አጠገብ ካለው ከአሊሞስ ወይም በአቲካ ጫፍ ካለው ከላቭሪዮ ወደብ ጀልባውን ተረክቦ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ያስረክባል፤ ብዙዎቹ አከራዮች ጀልባው ዓርብ ማታ ወደ መነሻው እንዲመለስ ስለሚጠይቁ፣ ሳምንት የሚባለው ጊዜ በተግባር ስድስት የጉዞ ቀን ነው። ከላቭሪዮ እስከ ኬያ ያለው ርቀት 15 የባሕር ማይል ያህል ነው። የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ሲሆን፣ ኖት የሚባለው የፍጥነት መለኪያ ደግሞ በሰዓት አንድ የባሕር ማይል መሄድ ማለት ነው፤ ለዚህ ዓይነት ጉዞ የሚከራይ ጀልባ በተስማሚ ነፋስ በ5 ወይም በ6 ኖት ስለሚሄድ መሻገሪያው ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስሌቱ በወረቀት ላይ ይህን ያህል ቀላል በመሆኑ፣ ዐዲስ ዐቃጅ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ደሴት፣ ለእያንዳንዱ ማታም አንድ ወደብ መድቦ ሠንጠረዡን ያለ ምንም ክፍተት ይሞላዋል።

ነገር ግን በዚህ ባሕር ላይ፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ፣ ሜልቴሚ የሚባል የሰሜን ነፋስ ይነግሣል። ነፋሱ የሚወለደው በባልካን አገሮች ላይ የሚሰፍነው ከፍተኛ የአየር ግፊትና በትንሿ እስያ የብስ ላይ በበጋ ሙቀት የሚፈጠረው ዝቅተኛ ግፊት ሲገናኙ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐዩም ደምቆ ሳለ ስለሚነፍስ ማዕበልን ከደመና ጋር ብቻ አያይዞ የሚያስብ ሰው ይሳሳትበታል። ባሕርተኞች የነፋስን ብርታት ቦፎርት በሚባለው ከ0 እስከ 12 በሚደርስ ደረጃ ይለኩታል፤ 6 ቦፎርት ከ22 እስከ 27 ኖት የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ ሲሆን፣ ሜልቴሚ ከዚህ አልፎ 7 እና 8 ሊደርስ፣ በዚያው ብርታትም ለብዙ ቀናት ሊቆይ ይችላል። በዚህ ላይ ባለ ሸራ ጀልባ በቀጥታ ወደ ነፋሱ መሄድ አይችልም፤ ከነፋሱ አቅጣጫ 45 ዲግሪ ያህል ወደ ግራ፣ ከዚያም ያንኑ ያህል ወደ ቀኝ እየታጠፈ በመመላለስ ብቻ ወደፊት ስለሚገፋ፣ በነፋሱ ፊት ለፊት ያለ የ10 ማይል ርቀት ቢያንስ 14 ማይል ይሆንበታል፤ ማዕበሉ የሚነጥቀው ፍጥነት ሲጨመርበትም የሦስት ሰዓቱ መንገድ የአንድ ቀን ሙሉ ድካም ይሆናል።

የአካባቢው ባሕርተኞች ከዚህ የሚያወጡት ደንብ ግልጽ ነው፤ ነፋሱን ጀርባ አድርጎ የተጓዘውን ርቀት ሁሉ ተመላሹ በነፋሱ ፊት መልሶ ይከፍለዋል። በሦስት ቀን ነፋስ እየገፋው እስከ ሳንቶሪኒ የወረደ ሰው በሦስት ቀን ወደ ላቭሪዮ የሚወጣበት ዋስትና የለውም። ልምድ ያለው መሪ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ጉልበትና ጊዜ ሳለ፣ ወደ ሰሜን ወጥቶ በኋላ ነፋሱን ጀርባው አድርጎ መመለስን ይመርጣል፤ ወይም ትንበያው ሲከፋ ደሴቶቹን ትቶ ወደተከለለው ወደ ሳሮኒክ ባሕረ ሰላጤ፣ ወደ ኤጊናና ወደ ፖሮስ ይዞራል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ዕቅድ ይለያል። አንደኛው ነገን አስቀድሞ የሚናገር ዕቅድ ነው፤ ማክሰኞ ማታ እዚህ ቦታ እንሆናለን ይላል። ሁለተኛው ሰውን ለነገ የሚያዘጋጅ ዕቅድ ነው፤ ማክሰኞ ጠዋት ነፋሱ እንዲህ ከሆነ ወደዚህ፣ እንዲያ ከሆነ ወደዚያ እንሄዳለን፣ ከዚህ ካለፈ ግን ካለንበት አንነሣም ይላል። የመጀመሪያው የሚመዘነው በመሳካቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚመዘነው ዐቃጁን በማለዳ ዐይኑን ገልጦ እንዲወስን በማብቃቱ ነው።

አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ በሦስተኛው ክፍል ስለ ምክክር፣ ማለትም ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ከራሱ ጋርና ከሌሎች ጋር ስለሚያደርገው ማሰላሰል ሲናገር፣ ሰዎች ከአካል ማጎልመሻ ጥበብ ይልቅ ስለ መርከብ መምራት አብዝተው እንደሚመካከሩ ያስተውላል፤ ምክንያቱንም የኋለኛው ደንቡ ተለይቶ ያላለቀለት ጥበብ በመሆኑ ላይ ያሳርፈዋል። ይህ አስተያየት ትንሽ ቢመስልም የያዘው ቁም ነገር ከባድ ነው። ውጤቱ እርግጥ የሆነ ነገር ምክክር አያሻውም፤ ሙሉ በሙሉ በዕድል የተያዘ ነገርም ምክክርን አይቀበልም፤ የሰው አእምሮ እውነተኛ ሥራ ያለው በሁለቱ መካከል፣ የሰው እጅ በከፊል ብቻ በሚደርስበት ስፍራ ነው። በዚህ መሠረት የነገ አለመታወቅ የዕቅድ ጠላት ተደርጎ ሊታይ አይገባውም፤ ነገ ቢታወቅ ኖሮ ዕቅድ የሚባል ነገር ባላስፈለገም ነበር።

በእነዚሁ ደሴቶች መካከል የተደረገ አንድ የታወቀ ጉዞ ይህን በሌላ በኩል ያሳያል። አቴናውያን በየዓመቱ ወደ ዴሎስ፣ ማለትም አፖሎን ተወለደባት ብለው ወደሚያከብሯት በሚኮኖስ አጠገብ ወዳለች ትንሽ ደሴት፣ የስእለት መርከብ ይልኩ ነበር፤ መርከቢቱ አክሊል ከተደረገላት ጊዜ ጀምሮ ሄዳ እስክትመለስ ድረስ ከተማዪቱ ንጹሕ ሆና እንድትቆይ ስለሚታዘዝ የሞት ፍርድ አይፈጸምም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ሶቅራጥስ በተፈረደበት ጊዜ የመርከቢቱ የኋላ ጫፍ አክሊል የተደረገለት በፍርዱ ዋዜማ ነበር፤ ፕላቶን እንደሚተርከው ነፋስ አንዳንድ ጊዜ ጉዞውን ያዘገየዋል፤ በዚህም ምክንያት ፈላስፋው ከፍርዱ በኋላ ብዙ ቀናት፣ እንደ ዜኖፎን አቈጣጠር 30 ቀን፣ በወህኒ ቈየ። ወዳጁ ክሪቶን በማለዳ መጥቶ መርከቢቱን በሱኒዮን ርእሰ ምድር ትተዋት የመጡ ሰዎች እንዳሉና ዛሬ እንደምትደርስ ሲነግረው፣ ሶቅራጥስ በሕልሙ ያየውን ተመርኩዞ ዛሬ ሳይሆን ነገ እንደምትደርስ ይመልስለታል። የአንዲት ከተማ ሸንጎ ቈርጦ የወሰነው፣ ቀኑም የተቃረበው ነገር በነፋስ እጅ ውሎ አደረ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ሶቅራጥስ በተረፈው ጊዜ ያደረገው ነው፤ የኤዞፕን ተረቶች ወደ ግጥም ይለውጥ፣ ለአፖሎንም መዝሙር ይደርስ ነበር። የነፋሱን መዘግየት ከሞት የማምለጫ ዕድል አድርጎ አልቈጠረውም፤ ሥራ የሚሠራበት ጊዜ አድርጎ ተቀበለው። ያለ ዕቅዱ የተገኘን ቀን እንዲህ መያዝ ከዕቅድ ጥበብ ሁሉ የሚበልጥ ይመስላል።

ነፋሱ እንዲህ ኃያል ከሆነ ለምን ይታቀዳል የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። የጥንት ፈላስፎች ይህን “ሰነፍ ሙግት” ይሉት ነበር፤ ሙግቱ መዳንህ የተወሰነ ከሆነ ሐኪም ብትጠራም ባትጠራም ትድናለህ፣ ስለዚህ ሐኪም መጥራት ከንቱ ነው ይላል። ከስቶይኮች ወገን የነበረው ክሪሲጶስ የሰጠው መልስ፣ ሮማዊው ጸሓፊ ቄቄሮን እንዳቆየው፣ አንዳንድ ነገሮች የተወሰኑት ከሌሎች ጋር ተጣምረው ነው የሚል ነው፤ የበሽተኛው መዳን ከሐኪሙ መጠራት ጋር አብሮ የተወሰነ ሊሆን ይችላል። እንዲሁ ኪትኖስ መድረስ ቢወሰን መልሕቁን መንቀልና ሸራውን መወጠር የውሳኔው ክፍሎች ናቸው።

ከዚህ በኋላ የቅዱሳት መጻሕፍት ቃል በትክክለኛ ስፍራው ሊነበብ ይችላል። የያዕቆብ መልእክት በአራተኛው ምዕራፍ ዛሬ ወይም ነገ ወደዚህ ከተማ ሄደን፣ ዓመት ተቀምጠን፣ ነግደን እናተርፋለን የሚሉትን ሰዎች ሲገሥጽ፣ መሄዳቸውንም መነገዳቸውንም አልከለከለም፤ የነቀፈው ጌታ ቢፈቅድ ሳይሉ በትዕቢታቸው መመካታቸውን ነው። ቁርኣንም በዋሻው ምዕራፍ አንድን ነገር ነገ አደርገዋለሁ የሚል ሰው ያለ አላህ ፈቃድ እንዳይናገር ያዛል። በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ ክርስቲያኑ “እግዚአብሔር ቢፈቅድ”፣ ሙስሊሙ “ኢንሻአላህ” ሳይል ለሠርግም ለመንገድም ቀጠሮ የማይሰጠው ከዚህ የተነሣ ነው። ሆኖም ቃሉ ከልማድ ብዛት በዐረፍተ ነገር ጫፍ የሚንጠለጠል ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ቢፈቅድ ብሎ ቀኑን በሙሉ ሞልቶ ያቅዳል፣ ሌላው ቢፈቅድ ብሎ ላለመምጣት አስቀድሞ ይቅርታ ይጠይቅበታል። በሁለቱም ዘንድ ቃሉ ተነገረ እንጂ አልታቀደም።

ቃሉ በእውነት ሲታቀድ ምን እንደሚመስል የሐዋርያት ሥራ 27ኛው ምዕራፍ በተቃራኒው ያስተምራል። ጳውሎስን እስረኛ አድርጋ ወደ ሮም የምትወስደው የእስክንድርያ መርከብ ነፋስ እያስቸገራት በቀርጤስ ደሴት ወደ “መልካም ወደብ” ደረሰች። የጦሙ ወራት አልፎ፣ ማለትም የመከር ጊዜ ገብቶ፣ በባሕር መሄድ አደገኛ ሆኖ ሳለ ጳውሎስ እንዳይሄዱ መከረ፤ እስረኛውን የሚጠብቀው የመቶ አለቃ ግን የመርከቡን መሪና ባለቤቱን አመነ፣ ወደቡም ለመክረሚያ የማይመች ስለነበረ አብዛኛዎቹ ፍንቄ ወደምትባል የተሻለች ወደብ ደርሰው እንዲከርሙ ፈለጉ። መንገዱ አጭር ነበር፤ የደቡብ ነፋስ በልከኛ ሲነፍስ ያሰቡትን ያገኙ መሰላቸው። ብዙም ሳይቈይ አውራቂስ የሚባለው ዐውሎ ነፋስ ከደሴቲቱ ወርዶ መርከቢቱን ነጠቃት፤ በ14ኛው ሌሊት በመላጥያ፣ ማለትም በማልታ፣ ዳርቻ ሲቃረቡ ባሕርተኞቹ ጥልቀቱን ለክተው ከኋላ አራት መልሕቅ ጣሉ፤ በነጋም ጊዜ መርከቢቱ ተሰባብራ 276ቱ ሰዎች በዋናና በስብርባሪ እንጨት ላይ ሆነው ወደ ምድር ወጡ።

የእነዚያ ሰዎች ጥፋት ሳያቅዱ መሄዳቸው አልነበረም፤ ዕቅድ ነበራቸው፣ ዕውቀትም አልጐደላቸውም። ጥፋቱ ዕቅዱ እንቢ የሚባልበት ቦታ ስላልነበረው፣ ለስላሳው ነፋስ ሲመጣ የሚፈልጉትን ለማየት እንጂ ያለውን ለማየት አለመዘጋጀታቸው ነው። በአንጻሩ ጳውሎስ ራሱ ዐቃጅ ሰው ነበር፤ ለሮም ሰዎች በጻፈው መልእክት በእነርሱ በኩል ወደ እስፓንያ ለመሻገር ማሰቡን ይገልጻል፤ ሮም የደረሰው ግን በሰንሰለት ታስሮ ነው፤ እንዲህም ሆኖ ዕቅዱን እንደ ከሸፈ መቍጠሩ አልተጻፈም።

እንግዲህ “ቢፈቅድ” የሚለው ቃል በአንድ ሳምንት የባሕር ጉዞ ዕቅድ ላይ የሚጻፍበት ግልጽ ስፍራ አለው። ለእያንዳንዱ ማታ ከተመረጠው ወደብ ጎን ነፋሱ ቢዞር የሚጠጋበት ሁለተኛ ወደብ ይጻፋል፤ ከስድስቱ ቀናት አንዱ ለምንም ሳይመደብ ይተዋል፤ ከዚህ የነፋስ ብርታት በላይ አንነሣም የሚለው ወሰን፣ ሰው በጉጉትና በእልህ ከመያዙ በፊት፣ በየብስ ላይ ሳለ ይቈረጣል። ባዶው ቀን የእምነት ጉዳይ ነው ማለት ለአንዳንድ አንባቢ ግነት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ጸሎቱን በአፉ አድርሶ በሠንጠረዡ ላይ አንዲት ሰዓት ያልተወ ሰው፣ በፈጣሪው ፈቃድ ለመመራት የሚያስችል ቦታ አለመተዉ እሙን ነው።

ይህ ክፍት ቦታ ለነፋስ ብቻ የተተወ አለመሆኑ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። ያዕቆብ ስለ ነጋዴዎቹ ዕቅድ የጀመረውን ንግግር የሚዘጋው በጎ ማድረግን ዐውቆ የማያደርገው ኃጢአት እንዳለበት በመናገር ነው፤ ሁለቱ ሐሳቦች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ያለ ምክንያት አይመስልም። የሜዲትራንያን ባሕር ለመዝናናት የሚሄዱ ጀልባዎች ብቻ የሚመላለሱበት ባሕር አይደለም፤ ከቱርክ ዳርቻ ወደ ሌስቦስ፣ ወደ ኪዮስ፣ ወደ ሳሞስና ወደ ኮስ፣ ከሊቢያም ወደ ላምፔዱዛና ወደ ማልታ ስደተኞች ባሕሩን መቋቋም በማይችሉ ጀልባዎች ይሻገሩበታል፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የወጡ ብዙዎችም በዚህ ባሕር ቀርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው በባሕር ላይ የሰው ሕይወት ደኅንነት ስምምነትና በ1982 የወጣው የባሕር ሕግ ስምምነት የመርከብ መሪ በባሕር ላይ በአደጋ ውስጥ ያለን ሰው፣ የራሱን መርከብና ሰዎች ለከባድ አደጋ ሳያጋልጥ በሚችለው ሁሉ እንዲረዳ ያዛሉ። የጭንቅ ጥሪ የሚሰማበት የባሕር ሬዲዮ መስመር 16ኛው ነው፤ እርሱን ከፍቶ የሚጓዝ መሪ የማያውቀው ሰው ዕቅዱን እንዲያቋርጥበት ፈቅዷል ማለት ነው። የማልታ ሰዎችም ስለዝናቡና ስለብርዱ እሳት አንድደው 276ቱን እንግዶች ሲቀበሉ በዚያ ጠዋት ሌላ የታሰበ ሥራ እንደነበራቸው መገመት ይቻላል።

ጥሪ ሰምቶ ከመንገዱ የዞረ፣ ጀልባውንም ከቅዳሜ አሳልፎ የመለሰ ሰው በኪራይ ውሉ መሠረት የሚጠየቀው ገንዘብ ሊኖር ይችላል፤ ያሰባቸውንም ደሴቶች ሳያይ ሊቀር ይችላል። ዕቅድ ነገን መተንበይ ነው በሚለው መለኪያ ሳምንቱ ከሽፎበታል። ዕቅድ ሰውን ለሚመጣው ማዘጋጀት ነው ከተባለ ግን፣ የተወው ባዶ ቀን የተተወለትን ሥራ ስለ ሠራ፣ ከታሰቡት ስድስት ቀናት አንዱም አልባከነበትም።