መርዶ በሽቦ ይነገራል?

ቦሌ ለማረፍ የተቃረበ አብራሪ ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ከሚቀበላቸው ቁጥሮች አንዱ «ኪው ኤን ኤች» ይባላል። የከፍታ መለኪያውን የሚያስተካክልበት የአየር ግፊት መጠን ነው። ቁጥሩ በአንድ ሄክቶፓስካል ቢሳሳት መለኪያው በ8 ሜትር ገደማ ይዋሻል። ማረፊያው ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል፤ በስተሰሜን እንጦጦ፣ በስተደቡብ ምሥራቅ የረር ተራራ አለ። ስለዚህ አብራሪው የሰማውን ቁጥር መልሶ ይናገራል፤ ተቆጣጣሪውም የተናገረው ሳይዛባ መድረሱን ከአብራሪው አፍ ያረጋግጣል።

እንደ ኪው ኤን ኤች ያሉ በኪው የሚጀምሩ ኮዶች ከቴሌግራፍ የተወረሱ ናቸው። ሥርዓቱ በ1909 እ.ኤ.አ. ገደማ እንግሊዝ አገር ሲወጣ የታሰበው በሞርስ ለሚላላኩ የገመድ አልባ ቴሌግራፍ ሠራተኞች ነበር፤ ረጅሙን ዐረፍተ ነገር በሦስት ፊደል ለመጨረስ።

ሽቦ ቃል አያውቅም። የሚያውቀው ኤሌክትሪክ መኖሩንና አለመኖሩን ብቻ ነው። ሳሙኤል ሞርስ በ1844 እ.ኤ.አ. ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር የላከው መልእክት ከኦሪት ዘኍልቁ ምዕራፍ 23፣ ከበለዓም ንግግር የተወሰደ ነበር፤ በሽቦው ያለፈው ግን አጭርና ረጅም ምት ነው። ኋላ ፈረንሳዊው ኤሚል ቦዶ ለሁሉም ፊደል እኩል አምስት አምስት ምት መደበ። አምስት ምት 32 ቅንብር ይሰጣል፤ ለላቲን ፊደል ይበቃል፣ ለእኛ 231 ፊደላት ግን የትም አያደርስም። ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ የሠሩት የአማርኛ ቴሌፕሪንተር ክብሩ ይህን ጥበት መሻገሩ ነው።

ዛሬ እያንዳንዱ ፊደል በዩኒኮድ ሠንጠረዥ የራሱ ቁጥር አለው፤ ስልክም የሚልከው ያንኑ ቁጥር ወደ ዜሮና አንድ ለውጦ ነው። በሠንጠረዡ ላይ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ፊደላት ተከታትለው ተቀምጠዋል። «ተ» እና «ቱ» የሚለያዩት በመጨረሻዋ አንዲት ቢት፣ ማለትም በአንዲት ዜሮ ወይም አንድ ብቻ ነው። «ሞተ» ለወንድም፣ «ሞቱ» ለአባት ይባላል፤ በመንገድ ላይ አንዲት ዜሮ ወደ አንድ ብትለወጥ ወንድምየው ይተርፍና አባትየው ይሞታሉ። መሐንዲሶች ይህን ስለሚያውቁ ከመልእክቱ ጋር የማረጋገጫ ቁጥር ይልካሉ። ተቀባዩ መሣሪያ አስልቶ ካልገጠመለት መልእክቱን ይጥለዋል፤ እንደገናም እንዲላክ ይደረጋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ቃሉ ሳይጎድል እንዲደርስ ነው። የሰሚውስ ነገር?

ስልክ መጀመሪያ ወደ አጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲገባ፣ ሰው ሳይታይ የሚሰማው ድምፅ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ካህናት እንደ ተቃወሙ ሲነገር ኖሯል። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ለሣቅ ነው፤ ያ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ከሥጋ የተለየ ድምፅ ምን ይጎድለዋል ብሎ መጠየቅ አላዋቂነት አይደለም። የመረጃ ንድፈ ሐሳብን መሠረት የጣለው ክሎድ ሻነን በ1948 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የመልእክቱ ትርጉም ከምሕንድስናው ጥያቄ ውጭ መሆኑን በግልጽ ጽፏል። ወሰኑን አውቆ ማስቀመጡ የሚመሰገን ነው። በ2012 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን፣ በኮሮና ምክንያት ብዙ ምእመናን ቅዳሴውን ቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን ሲከታተሉ ወሰኑን በራሳቸው አይተውታል፤ ዜማውም ስብከቱም ደረሰ፣ ሥጋ ወደሙ ግን በሞገድ አይላክም።

መርዶም እንዲሁ ነው። በባህላችን መርዶ የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ዘመድ፣ ጎረቤትና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የሚያለቅሰውን የሚይዝ ክንድ ተዘጋጅቶ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 4 ከጦር ሜዳ የሮጠው መልእክተኛ ልብሱ ተቀዶ፣ በራሱ ላይ ትቢያ ነስንሶ ነው ሴሎ የደረሰው። ከመናገሩ በፊት ገላው ራሱ መርዶ ነበር።

አስቸጋሪው ነገር የሚመጣው ልጅ ውጭ አገር ስትሆን ነው። ዋሽንግተን ወይም ቤሩት ይደወልና «አባባን ትንሽ አሟቸዋል፣ ብትመጪ ጥሩ ነው» ይባላል። እሷ ቦሌ ስትደርስ ቀብሩ አልፏል። ገርጂ ወይም አያት ካለ ዘመድ ቤት ታድራለች፤ ጎሕ ሲቀድ ይነገራታል። በቴክኒክ ዓይን መልእክቱ እንከን የለውም፤ አንዲት ቢት አልተዛባችም። እውነት ግን አይደለም።

ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ክፉ አይደሉም። ብቻዋን እንዳትወድቅ ሰግተው ነው፤ ስጋታቸውም ትክክል ነው። ቢሆንም ዋጋው ከባድ ነው። ልጅቱ ያን ሁሉ ሰዓት አውሮፕላን ውስጥ ሆና ለሞቱት አባቷ ፈውስ ትለምናለች። ቤተ ክርስቲያን ለሙታን ፍትሐት ታደርሳለች፣ አርባውን ትቆጥራለች፤ ለነፍሳቸው ልትጸልይ የምትችልበትን ጊዜ ለርኅራኄ ሲባል መንጠቅ አያስመሰግንም።

ከዚህ የሚሻል ልማድ በስደተኛው መካከል አለ። ስልኩ የሚደወለው ለሐዘንተኛዋ ሳይሆን በአቅራቢያዋ ላለ ጓደኛዋ ወይም ለማኅበሯ ሰው ነው። ጓደኛዋ ማን እንደ ሞተ ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ሰው ያሰባስባል፣ ማለዳ በሯን ያንኳኳል። ሽቦው የሚችለውን ይሠራል፤ የቀረውን ሰው ይሸከማል። ትኬቱም የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ተሳፋሪዋ ስለ ማን ነፍስ እንደምትጸልይ ታውቃለች፤ ቦሌ የሚቀበሏት ዘመዶችም ልብሰ ጥቁራቸውን መደበቅ አያስፈልጋቸውም።