በጥቂት ገንዘብ ስለሚሰበሰብ ገንዘብ

የሰው ልጅ ለመብልም ለልብስም የማይሆነውን ነገር ስለ ምን ይሰበስባል? ባለጠጋ ሲሰበስብ ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ብዙ አይደለም፤ ትርፍ ያለው ሰው በትርፉ እንዳሻው ቢያደርግ ማን ይከለክለዋል? ነገር ግን ደመወዙ ከወሩ ቀድሞ የሚያልቅበት የመንግሥት ሠራተኛ፣ ገበያ የማይቀበለውን አሮጌ መሐለቅ በመሐረቡ ጫፍ ቋጥሮ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ቤተ ሰቡም ጎረቤቱም «ይህ ምን ይሠራል?» ማለታቸው አይቀርም። እኛም ተብለናል። መልሱን ፈልገን ስንነሣ ግን ከዚህ የከበደ ሌላ ጥያቄ አገኘን፤ ይኸውም ዐዋቂ የሆነ ሰው ከማያውቅ ሰው የገዛውን ነገር በእውነት ገዛሁት ሊል ይችላልን የሚል ነው።

የምንኖርባት ደባርቅ ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያኽል ርቃ በሰሜን ተራሮች አጠገብ የምትገኝ ደገኛ ከተማ ናት። ዛሬ እንግዳ የሚያውቃት የብሔራዊ ፓርኩ መግቢያ በመሆኗ ነው እንጂ ጥንት ይህ አገር የነጋዴ መንገድ ነበር። ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ ከቆላው ተነሥቶ የሊማሊሞን ገደል ከነአጋሰሱ እየወጣ በዚህ ያልፍ ነበር፤ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም በ1770 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ ጎንደር የገባው በዚሁ መንገድ ነው። ማርያ ቴሬዛ የተባለው ጠገራ ብርም ዳገቱን የወጣው በነጋዴ ስልቻ ነው። ንግሥቲቱ በ1780 ብትሞትም ብሯ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ከሞቷ በኋላ ለብዙ ዘመን ሲመታ ኖሯል። ክብደቱ ሃያ ስምንት ግራም ያኽል ነው፤ በጠርዙም ዙሪያ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ቃል ተጽፎበታል። የአገራችን ሰው ይህን ቃል ባያነብም በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ ፈርጥ ግን እየቈጠረ ነበር የሚቀበለው።

ይህን ሁሉ የተማርነው ከመጽሐፍ ነው፤ እጃችን የሚደርሰው ከዚህ ዝቅ ያለው ነው። ከባለ ሱቅ መሳቢያ ጥግ፣ ከልጆች መጫወቻ፣ ከአሮጌ ሣጥን ግርጌ በነጻ ወይም በአንድ ሻይ ዋጋ የምናገኘው ሳንቲም ነው። ከ1969 ዓ.ም. ሳንቲሞች ውስጥ ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ የሚያርስባት የአሉሚኒየሟ አንድ ሳንቲም አለችን፤ የደጋ አጋዘን የተቀረጸበት ዐሥር ሳንቲምም አለን። ከእነርሱ የሚቀድሙት የ1936 ዓ.ም. መዳቦችም ሰባት ደርሰዋል። (ሁለቱን በሎሚና በአመድ አሽተን አበላሽተናቸዋል፤ አሮጌ መሐለቅ እንደማይታጠብ የተረዳነው ዘግይተን ነው።) ደስታው በምን ላይ እንደ ሆነ ለመግለጽ ያስቸግራል። መብራት በጠፋበት ማታ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ በጣት ዳስሶ ማወቅ፣ ማን ምን ገዝቶባቸው እንደ ነበር ማሰብ፣ ይህ ለእኛ ከብዙ ጨዋታ የሚበልጥ ነው። የአክሱም ነገሥታት ክርስትናን ከተቀበሉ በኋላ ከመዳብ ባስመቱት ገንዘብ ላይ «ይህ አገርን ደስ ያሰኝ» የሚል ቃል በግሪክ ቋንቋ አስጽፈው ነበር። ይህን መልካም ምኞት ያኖሩት ተራው ሰው በሚገበያይበት በመዳቡ ላይ መሆኑ ሁል ጊዜ ይገርመናል።

በ1970 ዓ.ም. የወጣ፣ ስድስት መቶ ብር የሚል ዋጋ የተጻፈበት፣ ክብደቱ ከ33 ግራም የሚበልጥ የወርቅ መሐለቅ አለ፤ የተቀረጸበትም የሰሜኑ ዋልያ ነው። ዋልያው የጎረቤታችን ሲሆን መሐለቁን የምናውቀው በሥዕል ብቻ ነው። ቅናት አልያዘንም ብንል ሐሰት ይሆናል። ሆኖም ጨነቅ ድረስ ሄደን ዋልያውን ራሱን በገደሉ አፋፍ ቆሞ ባየነው ቀን ቅናቱ ለጊዜው ለቆን ነበር።

ከሁሉ የምንወደው ጥርሳሙን ስሙኒ ነው። የ1936ቱ ስሙኒ በመጀመሪያ ጠርዙ ክብ ነበር፤ መጠኑም ከብር ከተሠራው ከሃምሳ ሳንቲም ጋር ይቀራረብ ስለ ነበረ፣ አንዳንድ ሰዎች መዳቡን ብር እየቀቡ ስሙኒውን በሽልንግ ዋጋ ያሳልፉት ጀመር። ስለዚህ በ1940ዎቹ ዓ.ም. ጠርዙ እንደ አበባ ዙሪያውን ተጎርዶ እንዲወጣ ተደረገ። ያን ጊዜ የሚታለለው ዓይኑ የደከመ ወይም ያልተማረ ሰው ሳይሆን እንዳልቀረ እናስባለን። ብር ቀቢውን ስንወቅስ ኖረናል፤ ወቀሳው ወደ እኛ ዞሮ ይመጣል ብለን ግን አልጠረጠርንም።

ከሁለት ዓመት በፊት በገበያ ቀን አንዲት እናት ከብር ሠሪው ፊት ተቀምጠው አገኘናቸው። በአንገታቸው ክር ላይ ጆሮ የተበየደላቸው ሦስት ብሮች ነበሩ፤ ሁለቱ ማርያ ቴሬዛ፣ አንዱ ግን በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ የተመታው የዳግማዊ ምኒልክ ብር ነው። የልጅ ልጃቸው ታሞ ለሕክምና ወደ ጎንደር ሊወስዱት ገንዘብ ቸግሯቸዋል። ባለ አንበሳውን ለመቅለጥ አውጥተው ሁለቱን አስቀሩ። «እውነተኛው ብር ሴትዮዋ ያለችበት ነው፤ እናቴ እንዲህ ነግራኛለች» አሉን። ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን ብር በማርያ ቴሬዛው ልክ ቢያስመቱም ሕዝቡ የለመደውን ስለ መረጠ አዲሱ አሮጌውን ሊተካው አልቻለም ነበር። ያ እምነት ከመቶ ዓመት በኋላ በእኚህ እናት አንደበት ሲነገር ሰማን።

የምኒልክ ብር ጆሮ ቢበየድለትም እንኳ በሰብሳቢዎች ዘንድ ከብሩ ክብደት በላይ እንደሚያወጣ እናውቅ ነበር፤ እርሳቸው አያውቁም። ብር ሠሪው ከቈረጠው ዋጋ ጥቂት ጨምረን ገዛን። መርቀውን ተለያየን። የወር ደመወዛችን ሲሦ ቢሄድም በመንገዱ ሁሉ ልባችን ይዘል ነበር፤ ቤት ከገባን በኋላ ግን ብሩን ለማንም ሳናሳይ ከመሳቢያው ግርጌ ሸሸግነው።

ስለ ምን ሸሸግነው? ለራሳችን የምንሰጠው መልስ አላጣንም። ዋጋውን ወደው ተቀብለዋል። እኛ ባንደርስ ኖሮ ብሩ ቀልጦ ቀለበት ይሆን ነበር። ዕውቀታችንም ብዙ ማታ አንብበን በድካም ያገኘነው ስለ ሆነ ዋጋ ሊኖረው ይገባል። ሦስቱም ምክንያቶች እውነት ናቸው። ይሁን እንጂ ብሩ ምን እንደ ሆነ ብንነግራቸው ኖሮ በዚያ ዋጋ ይሸጡት ነበርን ብለን ስንጠይቅ፣ አይሸጡትም የሚለውን መልስ የምናውቀው ከመግዛታችን በፊት ነበር። ዝም ያልነውም ስለዚህ ነው። በመሐለቅ ላይ ብር የሚቀባ ሰው ሐሰቱን በእጁ ይሠራል፤ እኛ በዝምታችን ሠራነው። ደግሞም ድኽነታችንን ምክንያት ማድረጋችን ያሳፍራል፤ ገንዘብ ያነሰው ሰው በርካሽ የመግዛት መብት የተለየለት ይመስል!

በዳባት የሚያስተምር አንድ ወዳጅ አለን። እርሱም ሰብሳቢ ነው፤ ነገር ግን አንድ መሐለቅ እንኳ የለውም። ስስ ወረቀት በመሐለቁ ላይ ዘርግቶ በእርሳስ ጎን ቀስ ብሎ ሲያሸው መልኩ በወረቀቱ ላይ ይወጣል፤ ከሥሩ የማን እንደ ሆነ፣ ከማን እንደ ወረሱት፣ ለምን እንዳልሸጡት ይጽፍና መሐለቁን ለባለቤቱ ይመልሳል። ቀድሞ እንስቅበት ነበር። የሸሸግነውን ብር ባሳየነው ጊዜ እርሳሱን እያወጣ «ከሥሩ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለን። የምንለው ጠፋን።

በሚቀጥለው ወር ብሩንና ካለን ላይ የቻልነውን ያኽል ገንዘብ ይዘን ወደ እማማ ቤት ሄድን። ልጁ ድኖ በደጅ ይጫወታል። ነገሩን ሁሉ ገልጸን ብሩን ከፊታቸው አስቀመጥን፤ ቢፈልጉ በሸጡበት ዋጋ እንዲመልሱት፣ ባይፈልጉ ጉድለቱን እንድንከፍል ጠየቅናቸው። እማማ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። «ልጄ፣ የቸገረኝ ያን ቀን ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ደርሰህልኛል» አሉ። ቀጥለውም ብሩን እያገላበጡ «ታዲያ እናቴ ዋሽታኛለች?» ብለው ጠየቁን። ዕዳችንን ልንከፍል ሄደን የእናታቸውን ቃል ልንወስድባቸው መሆኑን ያን ጊዜ አስተዋልን። በእናትዎ ዘመን ነገሩ እንዳሉት ነበር፣ የተለወጠው ዘመኑ ነው አልናቸው፤ ይህም እውነት ነው።

ብሩን ለእኛ ተዉልን፤ ጉድለቱን ሊቀበሉ ተስማሙ፤ እኛም በሦስት ወር ከፋፍለን ጨረስን። የመጨረሻውን ይዘን በሄድንበት ዕለት እማማ ሁለቱን ማርያ ቴሬዛዎች ከአንገታቸው አውልቀው በመዳፋችን ላይ አኖሩና «እነዚህስ ስንት ናቸው?» አሉን።